በእኛ ቋንቋ ንገሪው

አክስቴ ከእግዚአብሔር ጋር የምታወራው ጮክ ብላ ነው። ከሸዋ ቤንች ወጣ ብሎ ባለው ጓሮዋ ኮረሪማ ስትኮተኩት ወይም ጎደሬ ስትቆፍር ድምጿ ከቡናው ሥር ይሰማል። ትምህርት ቤቱ ለእሷ ቤት ስለሚቀርብ ልጅነቴን ያሳለፍኩት ከእሷ ጋር ነው። መጀመሪያ ሰሞን ከአጥሩ ማዶ ካለች ጎረቤት ጋር የምታወራ ይመስለኝ ነበር። "ዝናቡን ላክህ፣ ጥሩ አደረግህ። ጦጣዎቹን ግን አላየሃቸውም? ወይስ እያየህ ዝም አልክ?" ትላለች። ትንሽ ትጠብቅና ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።

እኔ እንደ እሷ አልሆንኩም። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ በጸሎት ኅብረታችን ሁሉም በአንድ ጊዜ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲጸልይ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ በልቤ እጸልይ ነበር። አንድ ሰው "እስቲ አንቺ በጸሎት ዝጊልን" እንዳይለኝ ሁልጊዜ በሩ አጠገብ እቀመጣለሁ። የእግዚአብሔርን መገኘት የማውቀው ደረቴ ሲሞቅና እንባዬ ሲመጣ ነበር። ተመርቄ ሚዛን ተፈሪ ሥራ ከያዝኩ ወዲህ ግን ያ ሙቀት እየራቀኝ መጣ። ከቢሮ ወደ ኪራይ ክፍሌ፣ ከክፍሌ ወደ ቢሮ እመላለሳለሁ። ማታ ስንበረከክ ምንም አይሰማኝም፤ የሄደ ይመስለኛል። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

አክስቴ አንገት ላይ ለብዙ ዓመታት የነበረው እንቅርት ባለፈው ክረምት አደገ። ጋደም ስትል ትንፋሽ እያጠራት ግድግዳ ተደግፋ ማደር ጀመረች። ሚዛን አምጥቼ ሆስፒታል አሳየኋት፤ ሐኪሙም በቶሎ በቀዶ ጥገና መውጣት አለበት አለ። እሺ አለች፣ አልጋም ያዘች። ቀዶ ጥገናው ሊሆን አንድ ቀን ሲቀረው ነርሷ ስለ ሁኔታው ልታስረዳት መጣች። አክስቴ አማርኛ ብዙም ስለማትሰማ ወደ ቤንችኛ የምመልስላት እኔ ነበርኩ።

"እናስተኛታለን፣ ምንም አይሰማትም በያት" አለች ነርሷ።

ነገርኳት። ነርሷ ከሄደች በኋላ አክስቴ ከአልጋዋ ወርዳ ነጠላዋንና ኩባያዋን በጨርቅ ትቋጥር ጀመር።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"ወደ ቤቴ ልሄድ ነዋ።"

"ቢላውን ፈርተሽ ነው?"

"ቢላው ምን ያደርገኛል? ወልጄ አይደል እንዴ?" አለችና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። "እንዳስተኙኝ ማን ያናግረዋል?"

"ማንን?"

ቀና ብላ አየችኝ፤ ይሄ ይጠየቃል እንዴ የሚል አስተያየት ነበር። "ሳላናግረው ውዬ አላውቅም" አለች። "እዚያ ውስጥ የማላውቃቸው ሰዎች ከበውኝ፣ አፌ ተይዞ፣ አንድ ቃል ሳልነግረው ብሄድስ?"

"ሌሊትስ ትተኚ የለም እንዴ?"

"ያ የራሴ እንቅልፍ ነው። ስገላበጥ እነግረዋለሁ። ይሄኛው የእነሱ እንቅልፍ ነው።"

እግዚአብሔር እኛ ብንናገርም ባንናገርም አብሮን እንዳለ፣ እንደማይተኛ፣ እንደማይተወን የሰማሁትን ሁሉ ነገርኳት። "እሱንማ አውቃለሁ" አለች ቋጠሮዋን እያጠበቀች።

አጠገባችን ባለው አልጋ እግሯ በጄሶ የታሰረ ልጅ ተኝታለች። እናትየዋ ከጅማ በኩል የመጡ ሙስሊም ናቸው፤ ከተማ ውስጥ ሱቅ አላቸው። ቋጠሮውን አይተው፣ "ምን ሆነች? ልትሄድ ነው እንዴ?" አሉኝ።

"ፈርታ ነው።"

"አንቺ የተማርሽ አይደለሽ? አስረጂያት እንጂ!"

"አስረዳኋት።"

"ታዲያስ?"

"እሷ የፈለገችው ማስረዳቴን አይደለም።"

"እህ፣ እንግዲያው የፈለገችውን ስጫታ!" ብለው ወደ ልጃቸው ዞሩ።

ከሰዓት በኋላ ከቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች መጡ። አልጋዋን ከበው በአማርኛ ጸለዩላት። ድምፃቸው ክፍሉን ሞላው፤ የእውነት ከልባቸው ነበር የጸለዩት። እነሱ ዝም ባሉ ቁጥር አክስቴ "አሜን" ትላለች። ሲሄዱ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብላ እጃቸውን ሳመች።

"ደግ ሰዎች ናቸው" አለችኝ ከወጡ በኋላ። "ምን ምን አሉ?"

"ታላቅ ነህ፣ ፈዋሽ ነህ፣ ሁሉን ታውቃለህ አሉ።"

"ስለ አንገቴ ነገሩት?"

"ሁሉን ያውቃል ብለዋል እኮ።"

"እሱማ ያውቃል። ሲነገረው መስማት የፈለግሁት እኔ ነኝ።"

አመሻሽ ላይ ነርሷ ተመልሳ መጣች። አሁኑኑ ካልወሰነች የነገው ተራ ለሌላ በሽተኛ እንደሚሰጥ ነገረችን። ወደ በሩ ወስዳኝም ቀስ ብላ፣ "እንዲህ ሆና ወደ ቤት ብትመለስ አንድ ቀን ያፍናታል፤ አትልቀቂያት" አለችኝ። ስመለስ አክስቴ ቋጠሮዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ትንፋሿ ከእንቅርቱ ሥር ሲያፏጭ ይሰማል። ይህቺ ሴት ናት ያሳደገችኝ። ልትሞትብኝ እንደምትችል ያን ጊዜ ገባኝ።

"እኔ ብጸልይልሽስ?" አልኳት። ከአፌ ሲወጣ ለራሴም ገረመኝ።

ቋጠሮውን ወደ ጎን አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች። እኔም ጨፈንኩና ጀመርኩ። "የሰማይና የምድር ጌታ ሆይ፣ በፊትህ..."

እጄን ነካ አደረገችኝ። "ይሄንን ሰዎቹም ብለውታል። በእኛ ቋንቋ ንገሪው።"

በቤንችኛ ጸልዬ አላውቅም። የቤተ ክርስቲያን ቃላቴ በሙሉ የአማርኛ ናቸው። በቤንችኛ ያለኝ የቤት ቃል ነው፤ ግቢ፣ ቁጭ በይ፣ ይሄን ያዢልኝ፣ ፍየሏን እያት፣ ቆይ አትሂጂ። ለእግዚአብሔር በእነዚህ መናገር ነውር መሰለኝ። የልጅቷ እናት እየሰሙን ነው፤ ወዲያ ማዶ ያሉት አስታማሚዎችም ጆሯቸውን ሰጥተዋል። ግን ሌላ ቃል አልነበረኝም።

"ነገ ጠዋት እዚያ ክፍል ትገባለች" አልኩት። "እኛን አያስገቡንም። አንተ ግባ። ራስጌዋ አጠገብ ቁጭ በል። አንገቷን የሚቆርጠውን ሰው እጁን ያዝለት። እሷ ተኝታ ስለሆነ አታናግርህም፤ እንዳትቀየማት። እስክትነቃ ድረስ ቆይ፣ አትሂድ።"

"ቁርሱን በልቶ ይግባ በይው" አለች አክስቴ ዓይኗን ሳትገልጥ።

"ማን?"

"ሐኪሙ ነዋ። በባዶ ሆድ እጅ ይንቀጠቀጣል።"

"ሐኪሙን ቁርስ አብላው" አልኩ፤ ሳቄ መጣብኝ። እሷም ሳቀች፤ ሳቋ ሳል ሆነና ጀርባዋን ደገፍኳት።

ሳሉ ሲተዋት፣ "በቃ፣ እገባለሁ" አለች። "ግን አንቺ ውጭ ሆነሽ ታወሪዋለሽ። እኔ እስክነቃ በእኔ ፋንታ አንቺ ነሽ።"

"እሺ።"

"በልብሽ አይደለም ታዲያ። በልብ ሲሆን ሐሳብ ይበታተናል።"

በማግሥቱ ጠዋት በተሽከርካሪ አልጋ ወሰዷት። በሩ ተዘጋ። ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጬ ጀመርኩ፤ መጀመሪያ በሹክሹክታ፣ ከዚያ ድምፅ አውጥቼ። የምለው ቶሎ አለቀብኝ። ስለዚህ ስለ እሷ ነገርኩት፤ ዝናብ ሲይዘን ትምህርት ቤት ድረስ ኮባ ቅጠል ደርባብኝ እንደምትሸኘኝ፣ ትኩሳት ሲይዘኝ እንዴት እንደምታቅፈኝ። እሱ የሚያውቀውን መልሼ ነገርኩት። ሰው ሲያልፍ ድምፄን እቀንሳለሁ፣ ሲርቅ እቀጥላለሁ። አንድ ጥበቃ በስልክ የማወራ መስሎት ጆሮዬን አየት አደረገ።

የልጅቷ እናት ዳቦ ይዘውልኝ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ንግግሬን አቋረጥኩ።

"ቀጥይ፣ ቀጥይ፣ እኔን አትይኝ" አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ቀጠልኩ። ደረቴ አልሞቀም፣ እንባም አልመጣም። ፍርሃቴም እዚያው ነበር። ያን ቀን የተሰማኝ ነገር ቢኖር የወንበሩ ቅዝቃዜና የዳቦው ጣዕም ነው። ሆኖም ማውራቴን ሳላቋርጥ አንድ ነገር ልብ አልኩ፤ አለ ወይስ የለም ብዬ መጠየቁን ትቼ ነበር። ከዚያ በር ወዲያ፣ እኔ በማልገባበት ክፍል፣ ራስጌዋ አጠገብ እንደተቀመጠ አድርጌ ነው የማወራው። ከሌለ ሰው ጋር እንዲህ አይወራም።

ከሰዓት በኋላ አወጧት። አንገቷ በፋሻ ተጠቅልሏል፤ ትንፋሿ አያፏጭም። ስትነቃ አየችኝና አፏን ከፈተች፤ ድምፅ አልወጣም። ነርሷ ጉሮሮዋ እስኪያገግም ለጥቂት ቀናት እንዳትናገር፣ ድምጿም ቀስ እያለ እንደሚመለስ ነገረችን። አክስቴ ፊቷን አጨፈገገች። ከዚያ ወደ አፌ ጠቆመች፣ ቀጥሎ ወደ ላይ።

"አሁንም እኔ ነኝ?"

በዓይኗ እሺ አለች።

ፍራሿ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። "ነቅታለች" አልኩት። "አመሰግንሃለሁ። አንገቷ ያማታል። ዛሬ እሷ ስለማትችል እኔ ነኝ የምነግርህ።" ልጨርስ ስል እጅጌዬን ጎተተችና ጎን ወዳለው አልጋ ጠቆመች። ስለ ልጅቷ የማውቀው ነገር አልነበረም። ዞር አልኩና፣ "እናቴ፣ ልጅዎ ምን ሆና ነው?" አልኳቸው በአማርኛ።

"ከማንጎ ዛፍ ወድቃ። ሰው አትሰማም!"

"ከማንጎ ዛፍ ወድቃ ነው" አልኩት በቤንችኛ። "ሰው አትሰማም። እግሯን ጠግንላት።" አክስቴ ቀጥሎ ያለውን አልጋ ጠቆመች፣ ከዚያ በር አጠገብ ያሉትን ሽማግሌ። እየተነሳሁ እየጠየቅኩ፣ እየተመለስኩ ነገርኩት። ከልጅቷ እናት በቀር ከእነዚያ ሰዎች አንዳቸውንም እስከዚያ ድረስ ደህና ዋላችሁ ብያቸው አላውቅም ነበር። የሽማግሌውን ነገር ገና ሳልጨርስ ልጅቷ ጠማኝ አለች። እናቷ ልብስ ሊያሰጡ ወጥተው ነበር፤ ኩባያውን አንስቼ፣ አሜን ሳልል፣ ውኃ ላመጣላት ሄድኩ።