ለቀብር የወጣውን ሰው ለእኛ ወጣ አሉ

ይህን የምጽፈው ይበርድልኛል ብዬ ብዙ ወር ከቆየሁ በኋላ ነው። አልበረደልኝም። ነገሩ የሆነው ባለፈው ጥር፣ ከጥምቀት በኋላ በዋለው እሑድ፣ ከዳንግላ ወደ እንጅባራ በሚወስደው አስፋልት ላይ ነው።

ሳይክል መንዳትም መጠገንም ያስተማረኝ ሰው የለም። እየፈታሁ እየገጠምኩ ነው የለመድኩት። ከዳንግላ ተነስቶ በእንጅባራ በኩል ዘንገና ሐይቅ ድረስ የሚሄድ የሳይክል ጉዞ ተዘጋጅቷል ሲባል ከመጀመሪያዎቹ ተመዝጋቢዎች አንዱ እኔ ነበርኩ። ውድድር አይደለም፤ ለመዝናናት ነው። ለሁላችንም ቢጫ ካናቴራ ተሰጠን። ደንቡ አንድ ብቻ ነበር። ከኋላ የምትመጣው ፒክአፕ መኪና ያለፈችው ሰው ሳይክሉ ይጫናል፤ የምስክር ወረቀት አያገኝም። እኔ ትምህርት ያቆምኩት ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው። ስሜ የተጻፈበት ወረቀት ቢኖረኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋሽም።

ሠላሳ አንድ ሆነን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተነሳን። መንገዱ ወደ እንጅባራ ሲቀርብ ዳገት ይበዛዋል። ግራና ቀኙ ለከሰል የሚተከለው የዲከረንስ ዛፍና በማዳበሪያ ከረጢት የታሰረ ከሰል ነው። እኔ ከመጨረሻዎቹ አምስት ሰዎች አንዱ ነበርኩ፤ ከጋሼ ስንሻው አጠገብ። ጋሼ ስንሻው ዳንግላ ውስጥ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ስድሳን አልፈዋል። በየአምስት ኪሎ ሜትሩ እየቆምኩ ሰዓቱን ወረቀት ላይ ስጽፍ አዩኝና፣ «አንተ ልጅ፣ እኔ የሙሽራ ሱፍ ስለካ እንኳ እንዲህ አልጨነቅ» ብለው ሳቁብኝ።

አዲስ ቅዳም ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን፣ በስተግራ ካለው ተክል መካከል ቀብር ወደ አስፋልቱ ወጣ። ከፊት ካህናቱ፣ ቀጥሎ ቃሬዛ የተሸከሙ ወንዶች፣ ከኋላ ሴቶች። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለብሰዋል። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚያስገባው መንገድ ከፊታቸው ይታያል። ሌላ ቀን ተመልሼ ለክቼዋለሁ። መቶ የጎማ ዙር ነው፤ ሁለት መቶ ሜትር ቢያልፍ በጥቂት ነው። አምስት ደቂቃ ብንቆም ያልፉ ነበር።

በእኛ አገር በፈረስም በበቅሎም የሚሄድ ሰው አስከሬን ሲያይ ይወርዳል። ሳይክልም ያው ነው። ጋሼ ስንሻው ወረዱና ባርኔጣቸውን አወለቁ። እኔም ወረድኩ። ሌሎቹ ሦስቱም ወረዱ።

ፒክአፗ ደረሰችብን። ከኋላዋ ትልቅ ድምፅ ማጉያ ተጭኗል፤ የጭፈራ ዘፈን ያንባርቃል። አጠገቡ ፎቶ አንሺ ቆሟል። አስተባባሪው በመስኮት ብቅ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ደከመዎት እንዴ? እንጫንዎት?» አለ። ጋሼ ስንሻው በእጃቸው ወደ ቃሬዛው አመለከቱት።

«አይቻለሁ» አለ። «ዘንገና የሚጠብቁን እንግዶች አሉ። በጎን እለፉ፤ ማን ከለከላችሁ?»

«ዘፈኑን አጥፋው፣ ልጄ» አሉት።

አላጠፋውም። ሹፌሩን ንዳ አለው፤ መኪናዋ ክላክስ እያደረገች ለቀስተኞቹ መሀል ገባች። አስተባባሪው እንግዳ ቢሆን አገሩን አያውቅም ብዬ እተወው ነበር። ግን እዚሁ ተወልዶ ያደገ፣ አዊኛውንም አማርኛውንም አቀላጥፎ የሚናገር ሰው ነው።

ሴቶቹ ወደ ዳር ተበተኑ። ቃሬዛ የተሸከሙት ወደ ቦዩ ወረዱ። ከፊት በግራ በኩል ያለው ሰው ድንጋይ አዳልጦት በጉልበቱ ሲወድቅ ቃሬዛው ዘመም አለ፤ ሌሎቹ ተረባርበው ያዙት። ከሴቶቹ አንዷ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ መኪናዋ ፊት ቆመች። መኪናዋ በጎኗ ዞራ አለፈች። ፎቶ አንሺው ሲያነሳ ነበር።

ሴትየዋ ዞር ስትል እኛን አየች። የለበስነው ፎቶ አንሺው የለበሰውን ቢጫ ካናቴራ ነው።

«ወንድሜ» አለችኝ፤ «እናቴን እስክቀብር እንኳ ዝም በሉልን።»

ሳይክላችንን እየገፋን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ከኋላ ተከተልን። ከዚያ እኔና ጋሼ ስንሻው ወደ ዳንግላ ተመለስን።

ማክሰኞ ዕለት አዘጋጆቹ በገጻቸው የለጠፏቸውን የጉዞውን ፎቶዎች በስልክ አየሁ። አንደኛው የለቀስተኞቹ ነው። ከሥሩ «የአካባቢው ነዋሪ እጁን እያውለበለበ ሲቀበለን» የሚል ተጽፎበታል። ቃሬዛው የለም፤ ተቆርጦ ወጥቷል። በቀኝ ጥጉ የአንድ ተሸካሚ ትከሻና የእንጨቱ ጫፍ ቀርቷል። በስህተት የተደረገ አይደለም። የቆረጠው ሰው ምን እንደሚቆርጥ ያውቃል።

በማግስቱ በሚኒባስ እንጅባራ ሄጄ አስተባባሪውን ቢሮው አገኘሁት። በፎቶው ላይ የሚታየውን አንድ በአንድ ነገርኩት፤ የእንጨቱን ጫፍም አሳየሁት። ሰምቶኝ ሲያበቃ ፈገግ አለ።

«ሰው ወዶታል እኮ። ማን ልብ ይላል?»

«አገሩ ሁሉ ልብ ይላል» አልኩት። «ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለእልልታ የምትወጣ ሴት የት አይተህ ታውቃለህ?»

መሳቢያውን ሳበና የምስክር ወረቀት አወጣ። ስሜ እስከ አያቴ ድረስ ያለስህተት ተጽፎበታል። ግማሹን መንገድ ነድተሃል፣ ይገባሃል፤ ይህን ነገር ግን ተወው አለኝ። ጠረጴዛው ላይ ትቼለት ወጣሁ። ወረቀቱን እያየሁ ለአፍታ እንዳመነታሁ ግን መደበቅ አልፈልግም። በዚህም ራሴ ላይ እናደዳለሁ።

ቅዳሜ ከጋሼ ስንሻው ጋር ለቅሶ ደረስን። ሴትየዋ አንጓች ትባላለች። ጋሼ ስንሻው ስለሁላችንም ሆነው ይቅርታ ሲጠይቋት፣ «እርስዎማ ወርደዋል፤ አይተናል» አለቻቸው። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ለእኔ ሰጠችኝ። ፎቶው ከእሷ ቀድሞ ባሕር ዳር ያሉ ዘመዶቿ ጋ ደርሷል። መርዶውን ገና ያልሰሙ ነበሩ። ሲሰሙ ቀኑን ቆጠሩና፣ እናትሽ በተቀበረች ቀን መንገድ ወጥተሽ ስትጨፍሪ ዋልሽ ወይ ብለው ጽፈውላታል።

«አንተ ስልክ የምታውቅ ትመስላለህ» አለችኝ። «ልታጠፋልኝ ትችላለህ?»

ከእሷ ስልክ ላይ ማጥፋት እንደሚቻል፣ ከአዘጋጆቹ ገጽ ላይ ግን እንደማይቻል አስረዳኋት። ከእሷ ስልክ ብቻ የሚጠፋ ከሆነ ምን ዋጋ አለው አለችና መልሳ ወሰደችው።

ፎቶው ዛሬም አለ። በየሳምንቱ ከፍቼ አያለሁ። ከሥሩ እንግዳ ተቀባይ ሕዝብ እያሉ የሚያመሰግኑ አሉ፤ በየጊዜው ይጨምራሉ። እኔም ከሥሩ እውነቱን ሁለት ጊዜ ጻፍኩ፤ ሁለቴም አጠፉት። እዚህ የጻፍኩት ለዚህ ነው። ያን ፎቶ ያያችሁ ካላችሁ፣ መሀል ላይ እጇን ያነሳችው ሴት አንጓች ናት። ቁሙ ማለቷ ነበር።