አንድ ዙር ተኩል

አውቶማቲክ መኪና ለደጋ አገር አይሆንም ይላሉ። ሐሰት ነው። አንዷን የመንዝን ዳገት ስትወጣም ስትወርድም አይቻለሁ፤ ውርጩን ከእኔ በተሻለ ትችለው ነበር።

ባለፈው ሳምንት ይህንኑ ወሬ አዲስ አበባ አንድ ጋራዥ ውስጥ ሰማሁት። የራሴ አሮጌ መኪና ጠዋት ጠዋት ሞተሯ ከፍ ዝቅ እያለ ስላስቸገረኝ ለመካኒክ ሰጥቻት ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። አጠገቤ ተራ የሚጠብቅ አንድ የመንዝ ሰው ያወጋል። «እኛ አገር ሞላሌ አንድ ሾፌር አውቶማቲክ ሳይችሉ ይዘው ገበያ መሃል የሰው እግር ሰበሩ። ይኸው እስከ ዛሬ ሰው ይቀልድባቸዋል» አለ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ይህን የሚያስጽፈኝ መሳቄ ነው።

ሾፌሩ ጋሽ ጥላሁን ይባላሉ። ያን ጊዜ እኔ ዛሬ ባለሁበት ዕድሜ ላይ ነበሩ። እኔ ደግሞ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ እስካገኝ ሞላሌ አጎቴ ቤት ተቀምጬ ያገኘሁትን ሁሉ አነብባለሁ፤ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ሳይቀር። በዚያው ሰሞን እትዬ ዘነበች የሚባሉ የባና፣ ማለትም የበግ ፀጉር ብርድ ልብስ፣ ነጋዴ ከአንድ የእርዳታ ድርጅት ያረጀች አውቶማቲክ ፒክአፕ በጨረታ ገዙ። ከመኪናዋ ጋር አንድ ወፍራም የእንግሊዝኛ የጥገና መጽሐፍ መጣ። መጽሐፉን ያነበብኩት እኔ ብቻ ስለነበርኩ በሦስት ቀን ውስጥ የከተማው የአውቶማቲክ ሊቅ ሆንኩ። እጄ ቅባት ነክቶ አያውቅም።

የመኪናዋ በሽታ ሚኒሞ ላይ ነበር። ሚኒሞ ማለት ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ በራሱ የሚሽከረከርበት ፍጥነት ነው። ጠዋት ስትነሣ ደህና ናት፤ ሞቅ ካላት በኋላ ማርሽ ሲገባ ግን ትንቀጠቀጣለች፣ አንዳንዴም ቀጥ ትላለች። ሊነዷት የተቀጠሩት፣ ዕድሜ ልካቸውን ማርሹ በእጅ የሚቀየር የጭነት መኪና የነዱት ጋሽ ጥላሁን «ቅምጥሏ» ብለው ስም አወጡላት።

መጽሐፉ ግልጽ ነበር። መጀመሪያ አየር የሚያስገባ የተሰነጠቀ ቱቦ ፈልግ፤ ቀጥሎ ካንዴላዎቹን እይ፤ የሚኒሞውን ብሎን የምትነካው ሌላው ሁሉ ደህና መሆኑን ስታረጋግጥ ብቻ ነው ይላል። ኅዳር ነበር። ገብሱ እየታጨደ ነው፤ ውርጩ ከሣሩ ላይ ገና አልተነሣም፤ ጣቶቼ ደንዝዘዋል። እትዬ ዘነበች ጋቢያቸውን ተከናንበው ያዩኛል፤ በማግስቱ ገበያ ነው። ሰው ከቦ እያየኝ አንድ በአንድ ቱቦ መዳሰስ ለሊቅነቴ የማይመጥን መሰለኝ። ካቻቢቴ ተቀበልኩና ብሎኑን አንድ ዙር ተኩል አዞርኩት። ሞተሩ ከፍ አለ። ማርሽ ገባ፤ አልጠፋም። ወዲያው ትኩስ የገብስ ቆሎና ጠላ ቀረበልኝ። እንደዚያ የጣመኝ ቆሎ የለም፤ ባይጥመኝ ይሻል ነበር።

«ምኗን ነካኻት ልጄ?» አሉ ጋሽ ጥላሁን።

«ካርቡሬተሯን አጸዳሁላት።»

«በዚህች በካቻቢቴ ጫፍ?»

«መጽሐፉ እንደዚያ ነው የሚለው ጋሼ።»

መጽሐፉ እንደዚያ አይልም።

እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ነድተዋት ተመለሱና መስኮቱን አውርደው፣ «ትገፋኛለች እኮ! እግሬን ከፍሬን ላይ ሳነሣ ጥላኝ ልትሄድ ትቸኩላለች» አሉ።

«ጉልበት አግኝታ ነው። እርስዎ ሰነፍ መኪና ስለለመዱ ነው።»

ሰው ሳቀ። የተሰደቡት እሳቸው ሆነው እሳቸውም ሳቁ። ያን ቀን ከመኪናዋ ጋር የተነጋገረ ሰው ቢኖር እሳቸው ብቻ ነበሩ። እኔ የተነጋገርኩት ከተመልካቹ ጋር ነው።

የአገሬ ሾፌር ዳገት ላይ ሲያቆም ማርሽ ያስገባል፣ ጎማ ሥር ድንጋይ ያደርጋል። ማርሽ ውስጥ ያልገባ መኪና ይሸሻል ብሎ ነው የተማረው፤ የእጅ ፍሬንን እንደ ጌጥ ነው የሚያየው። ጋሽ ጥላሁን ይህንኑ ልማድ ይዘው አውቶማቲክ ላይ ወጡ። በብርዱ ካጠፏት በቀላሉ ስለማትነሣ ሞተሯን አያጠፉም፤ አፍንጫዋን ወደ ዳገቱ አዙረው፣ የመሄጃው ማርሽ ውስጥ እንዳለች፣ ከፊትም ከኋላም ድንጋይ አድርገው ይወርዳሉ። ስሕተት ነው፤ ግን ስሕተቱ ከአሮጌው ሚኒሞ ጋር ተስማምቶ ይኖር ነበር። ቢበዛ ትጠፋለች እንጂ ድንጋዩን የምትወጣበት አቅም አልነበራትም። እንደዚያ ሲያቆሟት ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። አቅሙን የሰጠኋት እኔ ነኝ፤ መስጠቴንም አልነገርኳቸውም።

በማግስቱ ጋሽ ጥላሁን እንደ ልማዳቸው ገበያው ዳር አቁመዋት የጭነቱን ገመድ ሊፈቱ ወደ ኋላ ዞሩ። መኪናዋ የፊቱን ድንጋይ ሳትቸኩል ወጣችው። ስድስት ሰባት እርምጃ ብቻ ነው የሄደችው። ሽብሩ የሚባል ሸማኔ ባናዎቹን ዘርግቶ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ከገዢ ጋር ይከራከር ነበር። ቀኝ እግሩን ከጉልበቱ በታች ሰበረችው። ሸማኔ ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ መርገጫ የሚረግጠው በሁለቱ እግሮቹ ነው። እግሩ ከሄደ ሙያው ሄደ።

ሰው ሁሉ ሽብሩን በቃሬዛ ይዞ ወደ ጤና ጣቢያ ሲሮጥ እኔ እትዬ ዘነበች ግቢ ገባሁ። መኪናዋን መልሰው እዚያ አቁመዋት ነበር። ኮፈኑን ከፈትኩና ብሎኑን ወደ ነበረበት መለስኩት። አንድ ዙር ተኩል፤ እየቆጠርኩ። ከደብረ ብርሃን የተጠራው መካኒክ በሦስተኛው ቀን አይቷት፣ «ሚኒሞዋ እንዲያውም ዝቅ ያለ ነው፤ እንኳን ድንጋይ ልትወጣ ራሷንም አትችል። ጥፋቱ የሰውየው ነው» አለ። እትዬ ዘነበች ከጋሽ ጥላሁን ቁልፋቸውን ተቀበሉ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎች ጋሽ ጥላሁንን ይዘው ሽብሩ ደጅ ሄዱ። እንደ አገሩ ወግ ማጅራታቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመው፣ ጎንበስ ብለው ቆሙ። እግሩ በቀርከሃ የታሰረው ሽብሩ መደብ ላይ ተደግፎ አያቸው።

«አጥፍቻለሁ ወንድሜ» አሉ። «እግሬ ከፍሬን ላይ መነሣት አልነበረበትም። ስለ እመቤታችን ብለህ ይቅር በለኝ።»

ሽብሩ እጁን ወደ ድንጋዩ ዘርግቶ፣ «እግዚአብሔር ይፍታዎት። አውርዱላቸው» አለ።

ቅርብ የቆምኩት እኔ ነበርኩ። ድንጋዩን ከማጅራታቸው ላይ ያወረድኩት እኔ ነኝ። «ተባረክ ልጄ» አሉኝ።

ሽብሩ እግሩ ቢጠገንም አልታጠፍለት አለ፤ ሽመናውን ለወንድሙ ተወ። ጋሽ ጥላሁንን ከዚያ በኋላ መሪ ያስጨበጣቸው የለም፤ የአባታቸውን ገብስ ማሳ ማረስ ጀመሩ። እኔ ሥራ አግኝቼ ወጣሁ። ከዓመታት በኋላ መሐል ሜዳ ከተማ መናኸሪያ ተገናኘን። ትከሻዬን ስመው፣ «አንተ ደህና አድርገህ ሠርተህልኝ ነበር፤ እኔ ነኝ ሥራህን ያበላሸሁብህ፤ ይቅር በለኝ» አሉኝ።

«ግድ የለም ጋሼ» አልኳቸው። ይቅር አልኳቸው!

ባለፈው ሳምንት በጋራዡ መካኒኩ ጆሮውን ወደ መኪናዬ ሞተር አዘንብሎ፣ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ በጣቱ እየጫነ ስንጥቁን አገኘው። አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም። ያን ጊዜ ሞላሌ ላይ ከእኔ የተፈለገው ይኸው አምስት ደቂቃ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ አንድ ዓረፍተ ነገር። ዕድሜዬን ሙሉ ስጽፍ ኖሬ ያችን ዓረፍተ ነገር አልጻፍኳትም። ወዳጆቼ ቢሰሙ «ልጅ ነበርክ» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። መናኸሪያው ላይ ግን ልጅ አልነበርኩም፤ ባለፈው ሳምንት ስስቅም ልጅ አልነበርኩም።

ሞላሌ ዘመድ ያላችሁ ሁሉ፦ ይህን ጽሑፍ ይዛችሁ ሂዱና በገበያ ቀን፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ጋሽ ጥላሁንና ሽብሩ ባሉበት ጮክ ብላችሁ አንብቡት። የጸሐፊውን ስም አትዝለሉ። እኔ ራሴ ሄጄ እነግራቸዋለሁ ስል ሃያ አምስት ዓመት አልፎኛልና አትጠብቁኝ። ሂዱ።