ለሦስት መቶ ሰው የተላከ ሰላምታ

መዓዛ ጂቡቲ ውስጥ አምቡሊ በሚባል ሰፈር፣ አየር ማረፊያው አጠገብ ባለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ አንሶላ ታነጥፋለች። ትምህርቷን ከአራተኛ ክፍል ነው ያቋረጠችው። ስለዚህ ሰው አጻጻፏን እንዳያይባት ስልኳን ወደ ደረቷ አስጠግታ ነው የምትጽፈው።

ከአባቷ ከአቶ ጥበብ ጋር ካርቲየ 3 በሚባለው ሰፈር ይኖራሉ። አቶ ጥበብ በድሮው የድሬዳዋና የጂቡቲ ባቡር ዘመን የፍሬን ሠራተኛ ነበሩ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ብዙ ነገር ይዘነጋሉ፤ የጎረቤታቸውን የማይሙናን ስም እንኳ ዘንግተዋል። አብረዋቸው የሠሩትን ፀጋዬን ግን አልረሱም። ጠዋት «ፀጋዬ የት ደረሰ?» ይላሉ። ማታም ይደግሙታል። መዓዛን የጨነቃት አባቷ ሰውየውን ሳይረሱ ማገናኘቱ ነው።

አንዲት የሥራ ባልደረባዋ የባቡር ሠራተኛ ልጆች የሚጻጻፉበት የኢሜይል ቡድን እንዳለ፣ አንዴ የላኩት ነገር ለሦስት መቶ ሰው እንደሚደርስ ነገረቻት። መዓዛ ደነገጠች። ቢሆንም ተመዘገበች፤ የመጣላትን የማረጋገጫ መልእክት ነካችና ገባች።

የዚያኑ ዕለት ጻፈች። ታዲያ ሦስት መቶ ሰው ቤት ገብቶ ሰላም ሳይሉ እንዴት ይሆናል? የትልልቆቹን ጤና፣ የልጆቹን ትምህርት፣ የድሬዳዋን ሙቀት ሳይቀር ጠየቀች። ርዕስ በሚለው ቦታ «ሰላም ለሁላችሁ» አለች። የፀጋዬ ነገር የመጣው ከታች፣ መጨረሻው ላይ ነው።

ሃያ ሰው መለሰላት። ሁሉም ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን ይላል። እሷም ለእያንዳንዱ «ተመስገን» ስትል፣ ሳታውቀው ለሁሉም ይደርስ ነበር። ፀጋዬን ያነሳ የለም። እንዲያውም አንዱ ስልኩ ሲጮኽ እንደዋለ ጽፎ ሰላምታው ይብቃን አለ። መዓዛ አፈረች፤ ልትወጣም ነበር።

የቡድኑ ኃላፊ ኪዳን ግን ለእሷ ብቻ ጻፈላት። «እኅቴ መዓዛ፣ አይቀየሙ። እዚህ ሰው ቆሞ ነው የሚያነበው። የሚፈልጉትን ርዕሱ ላይ ያድርጉት። የግል ነገር ሲሆን ለሰውየው ብቻ ይመልሱ። ትንሽ ቀን ደግሞ ሌላው እንዴት እንደሚጽፍ ይመልከቱ። ሰላምታዎ ደርሶናል።»

ሳምንት ሙሉ ዝም ብላ አነበበች። ሰው በሁለት መስመር ይጠይቃል፣ በሁለት መስመር ይመለስለታል።

አንድ ጠዋት አባቷ ስለ ፀጋዬ ሳይጠይቁ ቁርሳቸውን በሉ። መዓዛ ሥራ ቦታ አንሶላው አልታጠፍ አላት። በምሳ ሰዓት ርዕሱ ላይ «የፍሬን ሠራተኛውን ፀጋዬ ገብረማርያምን የሚያውቅ አለ?» ብላ ጻፈች። ከሥር «አባቴ ጥበብ ይፈልጓቸዋል። ጂቡቲ ነን» አለች። ሰው ቤት ሳያንኳኩ የመግባት ያህል ከበዳት። ላከችው።

በማግስቱ ሀና ፀጋዬ የምትባል ሴት መለሰች። ፀጋዬ አባቷ ናቸው፣ በሕይወት አሉ፣ የደከመው ጆሯቸው ብቻ ነው። የመዓዛ ጣት «ለሁሉም» ወደሚለው ሄዶ ነበር፤ መለስ አድርጋ ለሀና ብቻ ስልኳን ጻፈችላት። ለቡድኑ አንድ መስመር ላከች፦ «ተገኝተዋል፤ አትድከሙ፤ አመሰግናለሁ።»

አርብ ከሰዓት ሀና ደውላ ስልኩን ለአባቷ ሰጠቻቸው። መዓዛም የራሷን አባቷ ጆሮ ላይ አደረገችው። አቶ ጥበብ የፀጋዬን ድምፅ ሰሙ። መዓዛ ረስተዋቸው ይሆን ብላ ፊታቸውን አየች።

«አንተ ሌባ፣» አሉ ቀስ ብለው፣ «ፋኖሴን መቼ ነው የምትመልሰው?»

«አልሰማሁህም፤ ጮኽ በል» አሉ ፀጋዬ።

አቶ ጥበብ ግቢው ሁሉ እስኪሰማ ድረስ ደገሙት።