የላይ ጥርስ ዓይን ያጠፋል ያልኳት ዕለት

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ። በጾም እንቁላል መቅመሴን፣ ጎረቤት ማማቴን፣ ቅዳሴ ማርፈዴን ስዘረዝርላቸው ኖሬያለሁ። ይህቺን ግን ምላሴ ሥር ይዤያት ገብቼ፣ ምላሴ ሥር ይዤያት እወጣለሁ። አባ የፈቱኝ ከነገርኳቸው ነው። ያልነገርኳቸውን ለእናንተ፣ ለማታውቁኝ ልንገራችሁ።

የታናሽ እህቴን የአስቴርን ሳቅ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። እጄን አላነሳሁባትም። አንድ ውሸት ነው የነገርኳት።

እኔ ልጅነቴን ያሳለፍኩት ዴራ፣ ቆላው ላይ ነው። የጉድጓዱን ውኃ እየጠጣሁ ጥርሴ በለዘ። የሰፈሩ ልጆች ብዙዎቻችን እንደዚያው ስለነበርን ማንም ማንንም አያይም። በሰባት ዓመቴ አባቴ ሱቁን ወደ አሰላ አዛወረ፤ በዚያው ዓመት አስቴር ተወለደች። እሷ የጠጣችው የደጋውን ውኃ ነው። ጥርሷ ወተት፣ ከፊት ደግሞ ፍንጭት። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል፤ ዥንጉርጉሩ ግን ለእኔ ብቻ ደረሰ። አሰላ ትምህርት ቤት ስገባ «አንቺ አትፍቂም እንዴ?» ይሉኝ ጀመር። አልፍቅም? በመፋቂያ፣ በከሰል፣ በአመድ፣ ድዴ እስኪደማ ፍቄያለሁ! ከውኃው መሆኑን፣ ጥርሴ ገና ሳይበቅል መበላሸቱን የነገረኝ ሰው አልነበረም። ይህን የሰማሁት ካደግሁ በኋላ፣ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ለጽዳት ስቀጠር ከሐኪሙ አፍ ነው።

እስከዚያ ድረስ ግን ሰው ቤታችን በመጣ ቁጥር አስቴር ሳቂ ይባላል። እኔ ትሪ ይዤ አፌን ገጥሜ እቆማለሁ። ጠላኋት ልበል? አልጠላኋትም። ቀናሁባት። መቅናት ከመጥላት ይብሳል፤ የሚጠሉትን ሰው ይሸሹታል፣ የሚቀኑበትን ግን ቀኑን ሙሉ ያዩታል። ስትበላ አያታለሁ፣ ስትጸልይ አያታለሁ፣ ተኝታ ከንፈሯ ገርበብ ሲል እንኳ አያታለሁ።

ሃያ ሰባት ዓመት ሲሆነኝ ከጎበሳ አንድ መምህር ሽማግሌ ላከብኝ። ለእኔ ነበር የላከው። አንድ እሑድ ቤታችን መጣና አስቴር ምን እንዳሳቃት እንጃ፣ ከጓዳ ብቅ ብላ ሳቀች። በሳምንቱ ሽማግሌዎቹ ተመልሰው መጡ፤ አንገታቸውን ደፍተው «ታናሺቱን ቢሆንስ?» አሉ። አባቴ ታላቋ ተቀምጣ ታናሿን አልድርም ብሎ መለሳቸው። አስቴር አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች፤ «እትዬ፣ እኔ ምን አደረግኩ?» አለች። ምንም አላደረገችም። እኔ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ጥርስ ነከስኩባት።

አመት አልሞላም፣ ከፍንጭቷ አጠገብ ያለው ጥርሷ አመማት። ትንሽ ጥቁር ነጥብ ነበረች። እንደዚያ ያለውን ጥርስ ሐኪሙ ስንቴ ሲሞላ አይቻለሁ! ተቀምጠው ይነሳሉ፣ ምሳቸውን በዚያው ጥርስ ይበላሉ። የላይ ጥርስ ከተነካ ዓይን ይጠፋል እያሉ የሚፈሩትንም «የጥርሱ ሥር ሌላ፣ የዓይኑ ሥር ሌላ» እያለ ሲያስረዳቸው ወለል እየወለወልኩ እሰማለሁ። ቃሉን በቃሌ አውቀዋለሁ። ታዲያ አስቴር ጉንጯን ይዛ መጣችና «እትዬ፣ ሰው ሁሉ ዓይንሽ ይጠፋል ይለኛል። አንቺ እዚያ ነሽና እውነት ነው?» አለችኝ።

የጠየቀችው ታላቅ እህቷን ነው። ነገሩን የሚያውቅ ሰው ነው የጠየቀችው። እኔም «እውነት ነው፤ አንዲት ሴት ዓይኗ ሲፈስ በዓይኔ አይቻለሁ» አልኳት። ማርያምን ብዬ ማልኩላት። ማንን አየሁ? ማንንም! ሌላው ሰው ሳያውቅ ነው የሚያወራው። እኔ እያወቅሁ ነው የተናገርኩት።

በዚህም አላበቃሁም። ዴራ ይዣት ወረድኩ፤ የጥርስ ትል በጭስ የምታወጣ አንዲት ሴትዮ ነበረች። ያ ያበለዘኝ አገር እሷንም ይቅመሳት ብዬ ይሆን? እንጃ፤ ግን አዎ፣ ሳይሆን አይቀርም። ሴትዮዋ የእምቧይ ፍሬ ፍም ላይ ጣለች፤ አስቴር በጋቢ ተከናንባ አፏን ከጭሱ ላይ ከፈተች፤ ምራቋ ውኃ ያለበት ሳህን ላይ ይንጠባጠባል። ሲያበቃ ሴትዮዋ ከሳህኑ ነጭ ክር የመሰለ ነገር በጣቷ አነሳችና በኦሮምኛ «ኩኖ! ራሞ!»፣ ቀጥላም በአማርኛ «ትሉ ይኸው ወጣ» አለች። ክሩ ከፍሬው ውስጥ የሚወጣ መሆኑንም ሐኪሙ ለእኛ ለክሊኒኩ ሠራተኞች ነግሮን ነበር። አስቴር ግን በደስታ የሴትዮዋን እጅ ሳመች፣ ቀጥሎ የእኔን።

ሁለት ሳምንት ተሻላት። ከዚያ ፊቷ አበጠ፤ እብጠቱ ወጥቶ ዓይኗን ደፈነው። ያን ጊዜ እንኳ ክሊኒክ እንሂድ አላልኩም። እሷ ምን እንዳለች ታውቃላችሁ? «እትዬ፣ እውነትሽን ነው። ሐኪም ሳይነካኝ እንዲህ የሆንኩ፣ ቢነካኝ ኖሮ ዓይኔ አልነበረም» አለች። እብጠቱ ፈነዳ፤ ዓይኗ ተረፈ። ሁለቱ የፊት ጥርሶቿ ግን ተነቃንቀው ወለቁ። ፍንጭቱም አብሮ ሄደ። ከዚያ ወዲህ አስቴር ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ትሸፍናለች። እኔስ ደስ አለኝ? አዎ። አንድ ቀን ያህል ደስ ብሎኛል። ይህንን ለመጻፍ ነው እጄ የከበደኝ።

በኋላ የአቦምሳ መስመር ሹፌር አገባት፤ ደግ ሰው ነው። ጥርስ ሳይኖራትም ተመረጠች! በሠርጓ ዕለት ቀናሁባት። እኔ እስከ ዛሬ ብቻዬን ነኝ።

ባለፈው ክረምት ልጇ ሲፈን ጥርሷን አመማት። ሲፈን የእናቷን ፍንጭት ነው የወሰደችው። አስቴር ደውላ «እትዬ፣ የላይ ነው፤ አንቺ ያየሻትን ሴት ነገርኳትና ሐኪም ቤት አልሄድም ብላ አለቀሰች፤ ዴራ ያለችው ሴትዮ አለች ወይ?» አለችኝ። ያ ውሸቴ እናቲቱን ጨርሶ ልጅቱ ላይ ደርሷል።

እውነቱን ለመናገር ከዚያ የተሻለ ጊዜ አልነበረም። እኔስ ምን አልኩ? «ያ ድሮ ነው እቱ፣ ዛሬ መድኃኒቱ ተሻሽሏል፤ ዓይን አይነካም» አልኳት። ልጅቱን እንዳድን፣ እኔም እንዳልጋለጥ። ክሊኒክ ወሰድናት። ጥርሷ ተሞላ። መስታወት ሲሰጧት ሳቀች፤ ያቺው የጥንቷ የአስቴር ሳቅ። አስቴር ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀችና ትከሻዬን እየሳመች «እትዬ፣ ባትኖሪልኝ ምን ይውጠኝ ነበር! እድሜሽን ያርዝመው» ብላ መረቀችኝ። እኔ ግን ልጅቱን እያየሁ፣ በዚህ እድሜዬ፣ ያቺ የድሮዋ ቅናት ተመለሰችብኝ።

ልጅ ነበርኩ አልልም፤ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር። አላወቅሁም አልልም። ውኃው ነው፣ ሰዉ ነው፣ መምህሩ ነው አልልም። እናንተንም ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ይቅር ልትለኝ የምትችለው አስቴር ብቻ ናት፤ እሷ ደግሞ ይቅር የምትለው ነገር መኖሩን አታውቅም።