የጠባቂው ድርሻ

አጎቴ በግ ባረዱ ቁጥር መጀመሪያ የሚያዩት ጉበቱን ነበር። ውሃ የቋጠረውን ቆርጠው ደጃፍ ላይ ለሚጠብቀው ውሻ ይወረውሩና፣ «ቤት ለሚጠብቅ ድርሻ አለው» ይላሉ። አምባ ጊዮርጊስ ላይ ይህን የማያደርግ ሰው አላውቅም።

እኔ ጎንደር፣ ላቦራቶሪ ውስጥ፣ በበግና በፍየል ጉበት ውስጥ የሚቋጥሩ የውሻ ኮሶ ትሎችን የዘረመል ልዩነት አጠናለሁ። ለፋሲካ እሳቸው ቤት ስሄድ ብልቃጥ እይዝ ነበር። ከቋጠሮው ትንሽ እወስዳለሁ፤ የቀረው ለውሻው ይሆናል። ያ ቋጠሮ ውሻው ሆድ ገብቶ ትል እንደሚሆን፣ የትሉም እንቁላል ዞሮ በሰው ጉበት ውስጥ እንደሚያድግ አውቃለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ «አያ፣ ቢቀበር አይሻልም?» አልኳቸው።

«ምነው ልጄ፣ ጠባቂውን ልትነፍጊው ነው?» ብለው ሳቁ።

በገዛ ደጃቸው ታላቄን ማረም ከበደኝ። ከዚያ ወዲያ ስድስት ፋሲካ ሙሉ ዝም አልኩ።

ሆዳቸው አብጦ ጎንደር ሲመጡ ጊዜው አልፎ ነበር። ከቀዶ ጥገናው አልነቁም። ከጉበታቸው የወጣውን ቋጠሮ የመረመርኩት እኔ ነኝ፤ ዝርያው ከገዛ በጎቻቸው ከወሰድኩት ጋር አንድ ነው። ብልቃጦቹ አሁን ማቀዝቀዣው ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

በተዝካራቸው ቀን የታረደው በግም ጉበቱ ውሃ ቋጥሮ ነበር። ጉድጓድ ቆፍሬ ቀበርኩት፤ ድንጋይም ጫንኩበት። ውሻው አልጮኸም። እሳቸው ቢላ ይዘው ይቆሙበት ከነበረው ቦታ ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ባዶ እጄን እያየ ድርሻውን ጠበቀ።