ባልዲው አጠገብ የሰጠሁት ምርቃት

እኔን ብሎ የወይን እርሻ ጎብኚ! ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ የሚንቀጠቀጥብኝ ሴትዮ፣ እዚህ ስዊድን፣ ሃሉንዳ ሰፈር ቤቴ ቁጭ ብዬ ሰው ማማት ሲበቃኝ፣ ምን አባቴ ልሠራ ሄድኩ?

የልጅ ልጄ ናት የጎተተችኝ። የወደደችው ልጅ ስዊድናዊ ነው፤ ወላጆቹ ደቡብ፣ ስኮኔ የሚባል አገር፣ ባህሩ ጥግ ላይ ወይን ያመርታሉ። ልጅቷ ከቤተሰቧ ሰው ካልመረቀኝ አላገባም ብላለች። እናቷ፣ ልጄ ማለት ናት፣ "የማላውቀው ሰው ቤት አልሄድም" ብላ እምቢ አለች። እኔን ግን "አይተሻቸው ነይ። ቃል እንዳትሰጪ!" አለችኝ።

በባቡር ወረድን፤ ልጁ በመኪና ተቀበለን። "ይቺም ከተማ ናት፣ ያቺም ከተማ ናት" እያለ ያሳየኛል። አንዷንማ ሳስነጥስ አለፍናት። ባህሩ ውስጥ ድንጋይ ላይ ውሻ የመሰለ፣ እግር የሌለው፣ ወፍራም አውሬ ተጋድሟል።

"ይሄማ ነፍሱን ይማረውና ባሌ ነው፣ እሁድ ከምሳ በኋላ" አልኩ።

የልጅ ልጄ ስትተረጉምለት ልጁ በሳቅ መሪውን ሊለቅ ምንም አልቀረው። እዚያው ወደድኩት።

እርሻው ጋ ስንደርስ አንድ አጋዘን ወይኑን ያላምጣል። አባትየው እያጨበጨበ ሊያባርረው ይሞክራል፤ አጋዘኑ ደንታም አልሰጠው። ሁለቱም ረጃጅም፣ ሁለቱም ኮስታራ።

ከዚያ ቅመሱ ተባለ። አባትየው ብርጭቆዬ ላይ ጠብ አደረገልኝ።

"ምነው፣ ለዓይን ሕመም ነው እንዴ?"

"እምዬ፣ ኔይ! ተይ እንጂ!" ብላ ልጅቷ ቆነጠጠችኝ።

ሰውዬው ተጉመጠመጠና ባልዲ ውስጥ ተፋው። ሚስቱም ተፋች፤ ወይን ሲቀመስ ደንቡ ነው አሉ። እኔ ሰው ቤት የቀረበልኝን መጠጥ ልተፋ? ዋጥኩት። ሌላ ቀዱ፤ እሱንም ዋጥኩት። እነሱ ሲተፉ እኔ ስውጥ፣ ፊቴ ቦግ ብሎ ሞቀ።

ይሄኔ ልጁ ሳነክስ አይቶ ወንበር አመጣልኝ። ጫማዬ ውስጥ የገባውን ጠጠር ሊያወጣልኝ ጉልበቴ ሥር ተንበረከከ። የልጅ ልጄም ልትይዘኝ አጠገቡ በርከክ አለች። እንዲህ ተመቻችተው ተንበርክከውልኝ እንዴት ልለፋቸው? እጄን አናታቸው ላይ ጫንኩና፣

"እንትፍ! እንትፍ! ውለዱ፣ ክበዱ፣ እርጁ!"

ልጁ ግንባሩን ይዞ ቀረ። እናትየው አፏን ያዘች። አባትየው ባልዲውን አየ፣ እኔን አየ። የልጅ ልጄ እያለቀሰችም እየሳቀችም በስዊድንኛ አስረዳቻቸው፤ እኛ አገር ትልቅ ሰው ሲመርቅ እንትፍ ይላል፣ መረቀችን ማለት ተጋቡ ማለት ነው እያለች።

ሰውዬው ኮፍያውን አወለቀ። አንድ ነገር አጉረመረመ።

"ምን አለ?"

"እንግዲያው እኔ ይሄን ባልዲ ስንት ዓመት ሙሉ ስመርቀው ኖሬያለሁ አለ።"

ከዚያማ ብርጭቆዬን እስከ አፉ ሞላልኝ። እኔስ ምን ልበል፣ ጠጣሁለት።

ሃሉንዳ እንደገባሁ ልጄ ጋ ከመደወሌ በፊት ጎረቤቴ ጋ ሄድኩ። እያስመሰልኩ፣ እየተፋሁ፣ አንድም ሳላስቀር አወራሁላት። በሳቅ ትፈርሳለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ፍንክችም አላለች።

"አንቺማ ምን አለብሽ፣ መርቀሽ ባቡር ላይ ተኛሽ። የእናቷን ቁጣ የምትችለው ልጅቷ ናት።"