ያልቀመስኩት ሾርባ

አሮጊቷ ከሞቱ አራት ዓመት ሆናቸው። አሁንም ድስት ላይ ጎንበስ ስል ከኋላዬ ይቆማሉ። አይናገሩም። ምን ሊጠይቁኝ እንደመጡ ግን አውቃለሁ።

ኬርጊቨር፣ የአረጋውያን አስታማሚ፣ ነበርኩ። በሰው አገር፣ ፌርፋክስ በሚባል ጎዳና ላይ፣ ከኛ ከሐበሾች ምግብ ቤቶች ወደ ሰሜን ወጣ ብሎ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ አይሁዳዊት አሮጊት እጠብቅ ነበር። አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ መድኃኒት እሰጣለሁ። መድኃኒቱ ምላሳቸውን ገድሎታል፤ ማርም ሬትም ለእሳቸው አንድ ነው። እማማ እላቸው ነበር። ትርጉሙን ጠይቀው ወደዱት።

ፋሲካቸው ደረሰ። መጽሐፍ ቅዱስ የቂጣ በዓል የሚለው ነው። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ያንን ክፍል በራሴ ዓይን አንብቤዋለሁና የሚያስተምረኝ የለም ባይ ነበርኩ። ቂጣቸው ማትዛ ይባላል፤ ደረቅ ነው፣ እንደ ካርቶን ይሰበራል። ይፈጩትና በእንቁላልና በዶሮ ስብ ያሹታል፣ በእርጥብ እጅ ያድበለብሉታል፣ ቀቅለው ከዶሮ ሾርባ ጋር ያቀርቡታል።

ልጃቸው ከነቤተሰቡ ሊመጣ ነው። እሳቸው ወንበር ላይ ሆነው ያዛሉ፣ እኔ አሻለሁ።

"አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው። እናቴ ከዚያ አታልፍም ነበር" አሉኝ። "ደግሞ አትጭመቀው። ድንጋይ ነው እንዴ የምትሠራው?"

"እጄ እንዲህ ነው፣ እማማ።"

"አናጢ መሆን ነበረብህ።"

በስሎ ሲያበቃ ማንኪያ ዘረጉልኝ። "ቅመስልኝ። የእናቴ እጅ መሆኑን ማወቅ እፈልጋለሁ። ምላስህን አውሰኝ።"

ሁዳዴ ነበር። "ጾም ላይ ነኝ" አልኳቸው።

"በአንድ ማንኪያ እግዚአብሔር ይቀየማል?"

"ይቀየማል።"

"እኔን ይቀየመኝ። በዚህ ዕድሜዬ ምን ያደርገኛል?"

ጀርባዬን ሰጠኋቸው። ጿሚ ለበሽተኛ የፍስክ ወጥ ሲሠራ በአፍንጫው ነው የሚለካው፤ እኛ ዘንድ የታወቀ ነው። ማንኪያውን አሸተትኩና አፌን አጣጣምኩ። "ቀመስኩት፣ ግሩም ነው" አልኩ። ጨው ግን አይሸትም።

ሲመሽ ቤተሰቡ ማዕድ ከበበ። ልጃቸው አንዴ ጎረሰና ማንኪያውን አስቀመጠ። "እንደ ድሮው ነው፣ እማዬ" አለ። የልጅ ልጆቻቸው ውሃ በላይ በላዩ ጠጡ። ወሬ ይዤ ጨዉን ሁለቴ እንደጨመርኩ ያኔ ገባኝ። አሮጊቷ ምላሳቸው ቢሞትም ዓይናቸው ነቅቷል፤ ብርጭቆዎቹን አዩ።

ወደ እኔ ዞሩ። "ቀምሰኸዋል አይደል?"

"አዎ።"

"እኔ እንዳልኩህ ነው የጨመርከው?"

"አዎ።"

ሳህናቸውን ገፋ አደረጉ። ለማንም ሳይሆን፣ "እንግዲያው እናቴን ረስቻታለሁ" አሉ።

አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። እጄን ጉንጬ ላይ አድርጌ ቆምኩ። በማግስቱም አልተናገርኩም፣ በሳምንቱም። ከዚያ በኋላ ስለ እናታቸው ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም። ለኛ ፋሲካ አልደረሱም።

በትንሣኤ ዋዜማ የንስሐ አባቴ ጾሙን እንዴት እንዳሳለፍኩ ጠየቁኝ።

"አንድ ቀንም አልገደፍኩም" አልኳቸው።

"እግዚአብሔር ይቀበልልህ፣ ልጄ።"

አሜን ማለት ነበረብኝ። አላልኩም።